ስምንት ደርሶ መልስ በቀዝቃዛው ገንዳ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

ከንዳሪ ከተማ ገባሁ። ጀልባው ዐሥራ አራት ሰዓት ፈጀብን። የምዕራቡ ነፋስ ከተነሣ ወዲህ ባሕሩ ሰው አይወድም። ግማሹ ተሳፋሪ ላስቲክ ውስጥ ሲያስመልስ እኔ ከመርከበኞቹ ጋር ቁጭ ብዬ የካሳቫ ቂጣዬን በደረቅ ዓሣ በላሁ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ከላስቲኳ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አንቺ ሰው አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ።

"ባጆ ነኝ፣ የባሕር ሰው" አልኳት።

"በይ ተዪው፣ ገባኝ" ብላ ወደ ላስቲኳ ተመለሰች።

ሥልጠናው ስምንት ሳምንት ነው። ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት የስፖርት መምህር ሆኜ አገልግያለሁ፤ አሁን ቋሚ ቅጥር መጣ፣ ግን በምስክር ወረቀት። ወረቀቱን የሚሰጡት ደግሞ ማርች 1 ቀን አራት መቶ ሜትር በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ገንዳ ውስጥ ለዋኘ ነው። ካላለፍኩ ቦታው ከየብስ ለሚመጣ ሰው ይሰጣል። መንደራችን ባሕር ላይ በምሰሶ የቆመ ነውና፣ የመጨረሻው የየብስ ሰው በሦስተኛ ወሩ፣ "ከአልጋዬ ሥር ውሃ እየሰማሁ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብሎ ነው ጥሎን የሄደው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ያለ መምህር ቀሩ።

ርዕሰ መምህራችን ሲሸኘኝ፣ "ሩስና፣ አንቺን በዋና መፈተን ዓሣን በዋና መፈተን ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ልጄን ዳሊማን ለአባዬ ተውኳት። ጀልባው ሲነሣ እጇን እንኳን አላወዛወዘችልኝም፤ ከአያቷ ጋር ለመጥለቅ ቸኩላ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ምን ይፈረድባታል።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 10

አስመለስኩ። ገንዳው ዳር። በሁሉም ፊት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 11

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። አሁን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ገንዳው ከኮረብታው ሥር፣ ትልልቅ ዛፎች መሐል ነው። ውሃው ከምንጭ የሚወርድ ነው፣ ፀሐይ አያየውም፣ ይበርዳል። ከታች በየመሥመሩ ጥቁር ንጣፍ ተዘርግቷል። አራት መቶው ሜትር ስምንት ደርሶ መልስ ነው። አሰልጣኛችን ኢቡ ዊርዳ ይባላሉ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ ሳይሆን አፋቸው ውስጥ ይዘው የሚውሉ ሴትዮ ናቸው።

እኛ ጋ ከላይ ስንዋኝ ጭንቅላታችን ከውሃ ውጭ ነው፤ ስንጠልቅ ደግሞ ጠልቀን ነው። ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ እንደ በር እየተከፈተና እየተዘጋ በጎን የሚተነፍስ ባጆ አላየሁም። ቀና ብዬ ስጀምር ፊሽካው ጮኸ።

"ጭንቅላት ወደ ታች! አገርሽን ናፍቀሽ ነው የምትቃኚው? ወደ ግራ ነው የሚተነፈሰው!"

እሺ አልኩ። አንደኛው ደርሶ መልስ ደኅና ነበር። ሁለተኛው ላይ በቀኝ ጆሮዬ በኩል አንድ ቅዝቃዜ ገባ። ሦስተኛው ላይ ጥቁሩ ንጣፍ ከወለሉ ተነሥቶ ቆመ። የገንዳው ወለል ጣሪያ ሆነ፣ እኔ በየት በኩል እንዳለሁ ጠፋኝ። ጠርዙን በዳበሳ አግኝቼ ወጣሁ፤ በእጅና በእግሬ ሄድኩ፤ ከዚያ የሆነው ሆነ።

እኔ! ሦስት ሜትር ማዕበል ላይ ቂጣ የበላሁት!

የክፍል ጓደኛዬ ሜልቲ ከተራራው አገር ከቶራጃ የመጣች ናት፤ ከዚህ በፊት ገብታ የምታውቀው ትልቁ ውሃ የሩዝ ማሳ ነው። ፎጣ እያቀበለችኝ፣ "ከባሕር ሰዎች ጋር ልፈተን ነው ብዬ ሌሊቱን ስጸልይ ነበር የመጣሁት። ጸሎቴ እንዲህ ይሰማል ብዬ ግን አላሰብኩም" አለችኝ። ልመታት ፈለግሁ፣ ግን እጄን ያነሣሁ እንደሆነ እወድቃለሁ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 15

የጤና ቅጽ አስሞሉን። ልብ? የለም። አስም? የለም። የሚጥል በሽታ? የለም። የጆሮ ሕመም ወይም ጉዳት? የለም።

እውነቴን ነው። ጆሮዬን አሞኝ አያውቅም። በዘጠኝ ዓመቴ ከተከፈተማ በኋላ ጭራሽ። አባዬ ድንጋይ አስይዞ ወደ ባሕሩ ሥር ይዞኝ ወረደ፤ ጆሮዬን ሲጫነኝ ላመልጥ ስል እጄን ጠበቅ አደረገው፤ ከዚያ የሆነ ነገር ጧ አለና ሕመሙ ሁሉ ጠፋ። በአፍንጫዬም በጆሮዬም ትንሽ ደም መጣ። ሳምንት ተኛሁ፤ እማዬ ነፍሷን ይማርና የዓሣ ሾርባ ስታጠጣኝ ከረመች። ከዚያ ወዲህ የፈለግኩትን ያህል ብወርድ ምንም። መንደራችን ውስጥ ጆሮው ያልተከፈተ ሰው ምን ሊሠራ ይኖራል? ሱቅ ይጠብቃል።

የወተት ጥርስ መነቀልስ በሽታ ተብሎ ይመዘገባል እንዴ? "የለም" ብዬ ፈረምኩ።

ዛሬም ሦስተኛው ላይ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 19

ቤት ደወልኩ። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ነው የማወራው፣ ክፍል ውስጥ ኔትዎርክ የለም። ከአባዬ ጋር ሲወራ መጮህ ግድ ነው፤ እኛ ጋ ትልልቆቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው፣ ሁለት ሽማግሌ ስለ አየር ሁኔታ ሲጨዋወቱ የየብስ ሰው ካየ ገላጋይ ይጠራል።

"ዋናው እንዴት ነው?" አለኝ።

"ቀላል ነው አባዬ!"

"እ?"

"ቀላል ነው አልኩህ!"

"እንዴታ! የማን ልጅ ነሽ! ዳሊማ አራት ሰው ቁመት ወረደች። ጆሮዋን ያዝ ያዝ እያደረጋት ነው። ነፋሱ ይተኛ እንጂ ደርሳለች።"

ኮራሁ። እኔ በሷ ዕድሜ ሦስት ቁመት ነበር የምወርደው።

ስልኩን ስዘጋ ከጎን ክፍል አንዷ ብቅ ብላ፣ "እህት፣ ሰላም ነው? ማን ሞተ?" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 23

ሜልቲ "ንፋስ ገብቶብሽ ነው" ብላ በሆዴ አስተኛችኝና ጀርባዬን ዘይት ቀብታ በሳንቲም ፋቀችኝ። ከአንገቴ እስከ ወገቤ። "ቀይ ሲሆን ነው ንፋሱ የሚወጣው፤ አየሽ? አንቺ ጋ ያለው ንፋስ ሳይሆን ማዕበል ነው" እያለች ደስ ብሏት ትፍቃለች።

ጧት በዋና ልብስ ስወጣ ሰው ሁሉ ጀርባዬን አየ። የሜዳ አህያ ሆኛለሁ። ኢቡ ዊርዳ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ፤ ይህ እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

"ማነው የገረፈሽ?"

"ማንም። ንፋስ ነው።"

"ንፋሱ ወጣ?"

"አዎ።"

"በይ ግቢ።"

አልወጣም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 27

ዛሬ ያደረግኩትን ለማንም አልናገርም፤ ለዚህ ደብተር ግን ልናገር። ወደብ ሄጄ የማዕበል ኪኒን ገዛሁ። እኔ።

ሻጯ አሮጊት ናቸው። "የሚጓዘው ማን ነው?" አሉኝ።

"ዘመዴ ናት።"

"ሕፃን ናት ትልቅ?"

"ትልቅ። የኔ እኩያ።"

አነጋገሬን ሰሙና ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። "ባጆ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"ዘመድሽም ባጆ ናት?"

"በጋብቻ ነው የምንዛመደው" አልኩና ኪኒኑን ነጥቄ ሄድኩ። በጋብቻ! ከራሴ ጋር!

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 31

ኪኒኑ እንቅልፍ አመጣብኝ እንጂ ማዞሩን አላቆመውም። እያዛጋሁ አስመለስኩ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይሄ ነው።

እስካሁን የሞከርኩት፦ ሳልበላ። በልቼ። ዝንጅብል። መንገድ ዳር የሚሸጠውን ሲኖንጊ ትቼ፣ እንኳን ለሚያጥወለውለው ለጤነኛም የሚያዳልጥ ገንፎ ነው። መነጽር ቀይሬ። ጥቁሩን ንጣፍ ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ፤ በዚህኛው ከሙና ደሴት የመጣ የአንድ መምህር መሥመር ውስጥ ገብቼ ሆዱን ረገጥኩት፣ እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ከሁሉ የከፋው የልብስ መቀየሪያው ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለቱ፦

"ባጆዋን አየሻት? በየቀኑ ታስመልሳለች።"

"እርጉዝ ናታ። ይታወቃል እኮ።"

ባሌ ማሌዥያ ለሥራ ከሄደ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። ይህ ወሬ ከጀልባ ቀድሞ መንደር እንዳይደርስብኝ ብቻ። መጋረጃውን ከፍቼ፣ "እርጉዝ አይደለሁም፣ ያዞረኛል" ልል ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሳፍር ግን ቆሜ አሰብኩና ሳልወስን እነሱ ወጡ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 5

ሜልቲ አራት ደርሶ መልስ ዋኘች። ሜልቲ! ከሦስት ሳምንት በፊት ገንዳው ውስጥ ቆማ ውሃው እስከ ደረቷ ሲደርስ እናቷን የጠራችው! ተንጠባጥባ መጥታ አቀፈችኝ፣ "አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ" አለችኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ዳር ተቀምጬ ክንዷን እንዴት እንደምታስገባ፣ እንዴት እንደምትንሳፈፍ ነገርኳት። ማስተማሩንማ እችላለሁ። ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው ደስ ብሎኛል። ግን አንጀቴ አርሯል።

ኢቡ ዊርዳ ለብቻዬ ጠሩኝ። አልተቆጡም፣ ስላልተቆጡ ነው የፈራሁት።

"ሩስና፣ ክንድሽን አይቻለሁ፣ እግርሽን አይቻለሁ። እዚህ ካሉት ሁሉ ትበልጫለሽ። ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ይመታሻል። ሐኪም ጋ ሂጂና ወረቀት አምጪልኝ። ያለዚያ ከገንዳው አስወጣሻለሁ፤ እኔ ሬሳ አላወጣም።"

ባጆ ገንዳ ውስጥ ሰጠመች። እስቲ ይህን ማን ለአባዬ ይነግረዋል?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 9 (ማታ)

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድምፁ ቀጭን። ሦስት ጊዜ "እ?" አልኩት። በአራተኛው ወንበሩን ሳብ አድርጎ በግራዬ በኩል ተቀመጠ፤ እኔ ሳልነግረው።

መብራት ያለው ነገር ወደ ጆሮዬ አስገብቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለልኝ። የቀኝ ጆሮዬ ታምቡር ቀዳዳ አለው። የግራው ድሮ ተቀዶ ነበር፣ በጠባሳ ተዘግቷል። ወደ ግራ ስተነፍስ የቀኝ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ቀዝቃዛው ውሃ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውስጥ ደግሞ የሰውን ሚዛን የሚጠብቀው ነገር አለ። "እሱን ቅዝቃዜ ሲነካው ጭንቅላትዎ የዞሩ ይመስለዋል። አልዞሩም፣ ግን ይመስለዋል" አለኝ።

"ጆሮዎን ምን ጎዳዎት?"

"ምንም።"

"ፍንዳታ? ጥፊ? አደጋ?"

"ኧረ ምንም። ልጅ ሆኜ የተከፈተ ነው።"

"ምን ማለት ነው የተከፈተ?"

ነገርኩት። ልክ ሌላው እንደሚነገረው፣ በቀላሉ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ማን ነው ይህን ያደረገብዎት?"

አባቴ ልለው አፌን ከፈትኩ። "ባሕሩ" አልኩት።

በመሣሪያ አስለካኝ። በቀኜ በኩል ግማሹን አልሰማም። አላውቅም ነበር። ያልሰማሁትን እንዳልሰማሁት በምን አውቃለሁ? ሰዎች ቀስ ብለው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር፣ የከተማ ሰው ሳንባ ስለሌለው።

የሚለጠጥ እንደ ሰም ያለ የጆሮ መወተፊያ ሰጠኝ፤ ከላዩ ጠበቅ ያለ ኮፍያ። ለኢቡ ዊርዳ ወረቀት ጻፈልኝ። በሩ ላይ ስደርስ፣ "ልጆች አሉዎት?" አለኝ።

"አንዲት ሴት።"

"የሷን ይጠብቁላት። የተቀደደ ታምቡር አንዳንዴ ይዘጋል፣ መስማት ግን እንደ ድሮው አይመለስም።"

እሺ አልኩት። ነገ እደውላለሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 10

አምስት ደርሶ መልስ!!! አላዞረኝም! ጥቁሩ ንጣፍ እንደ ተጋደመ ቀረ!

ኢቡ ዊርዳ "በስመ አብ ልል ነበር፣ ሙስሊም ነኝ እንጂ" አሉ። ሜልቲ አለቀሰች። ደከመኝ። ለአባዬ ነገ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 11

ኔትዎርክ የለም።

(ሜልቲ መተላለፊያው ላይ ከእጮኛዋ ጋር ሁለት ሰዓት ስታወራ አመሸች። የሷ ሌላ መሥመር መሆን አለበት።)

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 14

መወተፊያው አራተኛው ላይ ሾለከ። ወዲያው ዞረብኝ። ወጥቼ በሰም ላይ ሰም ጨምሬ ተመለስኩ። ሰባት ደርሶ መልስ። ሰዓቱ ግን አያድርስ ነው፣ ዐሥራ አራት ደቂቃ ሊሞላ። መጥለቅ የለመደ ሰው አይቸኩልም፣ ይሄ ደግሞ ሁሉ ነገር ችኮላ ነው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 18

ደወልኩ። ስለ ጣሪያው አወራን። ስለ ጎረቤታችን ጀልባ ሞተር አወራን። ስለ ዓሣ ዋጋ። አባዬ፣ "ነፋሱ ሊተኛ ነው። ሲተኛ ዳሊማን እንከፍትላታለን" አለ።

እኔ፣ "ሩዝ አላችሁ?" አልኩ።

እስቲ ምን ልበል? እየጮህኩ፣ መተላለፊያው ሁሉ እየሰማ፣ ያደረግክልኝ ጥፋት ነው ልበለው? ይህን ጆሮ ባይከፍትልኝ ኖሮ የመምህርነት ኮሌጁን በምን እከፍል ነበር? አራት ዓመት ሙሉ የባሕር ኪያር የሚሉትን እንስሳ ጠልቄ እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ዐሥራ ሁለት ሰው ቁመት እወርድ ነበር። የኔ ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው በዚህ ቀዳዳ ነው። ያ ሐኪም የማንን ሥራ ነው የሚያጥላላው? እሱ ሁለት ጆሮ ይዞ አንድ ቁመት ይወርዳል?

ደግሞ "ሲተኛ" ነው ያለው። ገና አልተኛም። ጊዜ አለ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 24

12 ደቂቃ ከ40። ጨጓራዬ ተላጠ።

ሜልቲ 11 ከ50። የተራራ ፍየል!

"እኔ የምፈጥነው ቶሎ ከውሃው ለመውጣት ነው። አንቺ ደስ ይልሻል፣ ለዚያ ነው የምትዘገዪው" አለችኝ። ከሥልጠናው ሁሉ እውነት የሰማሁት ይቺን ነው።

ሌላም አለች፣ ኮፍያዋን እያወለቀች፦ "ያ ሐኪም ስለ ልጅሽ ያለውን ነገርሻቸው አይደል?"

"አዎ" አልኳት።

ለምን እንደዋሸኋት አላውቅም። ማታ መተኛት አቃተኝ፤ በግራ ጎኔ ስተኛ ዓለም ሁሉ ዝም ይላል። ከመቼ ጀምሮ ነው በግራ ጎኔ መተኛት የወደድኩት?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 28

12 ከ05። ነገ ነው። አምስት ሰከንድ፤ አንድ ትንፋሽ ብዘል ይሞላል።

አልደወልኩም። ከፈተናው በኋላ፣ በሰላም፣ የምሥራቹን ነግሬ፣ ከዚያ አስከትዬ። ሰው ደስ ሲለው ክፉ ነገርም ይሰማል። አንድ ቀን ምን ያመጣል?

ሐሙስ፣ ማርች 1

አለፍኩ።

በሥርዓቱ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሌላውን መጻፍ አለብኝ፣ እሱን ደግሞ ማዘግየት ፈልጌአለሁ።

ስድስተኛው ላይ ስመለስ ኮፍያዬ ወደ ኋላ ሸሸና መወተፊያው ወጣ። ቅዝቃዜው ገባ። ንጣፉ ቆመ፣ ግድግዳው ተኛ። መቆም የለም፣ ጠርዝ መያዝ የለም፣ የያዘ ወደቀ። ሁለት ደርሶ መልስ ቀርቶኛል። በመሥመሮቹ መሐል የተዘረጋውን ገመድ አየሁ፤ እሱ ላይ ያሉት ቀይ ኳሶች ቢያንስ እርስ በርስ ይከታተላሉ። አንዱን አልፌ ሌላውን። ጭንቅላቴ "ወደ ታች እየወደቅሽ ነው" ይለኛል፤ እኔ "ዝም በል፣ ዋኝ" እለዋለሁ። ክንዴ የሚያውቀውን ሠራ። ከውጭ ሜልቲ ስትጮህ በግራ ጆሮዬ ሰማኋት።

ግድግዳውን ነካሁ። ከዚያም የፈታኙ ጫማ ላይ አስመለስኩ።

ፈታኙ ሰዓቱን አየ፣ ጫማውን አየ፣ "11 ከ54። ከነካች በኋላ ስለሆነ አይቆጠርም" አለ። ኢቡ ዊርዳ ፊሽካቸውን እስኪያንቃቸው ነፉ።

ቋሚ መምህር ነኝ።

ማታ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ደወልኩ። ዳሊማ አነሣች።

"እማ! አላለቀስኩም!"

"የምን?"

"ትናንት ተከፈተልኝ! ደም መጣ፣ ግን ትንሽ። አያዬ ስድስት ሰው ቁመት ይዞኝ ወረደ። አላለቀስኩም እማ፣ ጠይቂው።"

ግድግዳውን ተደገፍኩ። "ሁለቱም?"

"ግራው ብቻ። ቀኙ እሑድ ነው።"

"ስልኩን በየትኛው ነው የያዝሽው?"

"በቀኙ ነዋ። በግራው ዝም ብሏል።"

ሃያ ቀን። ሐኪሙ ከነገረኝ ሃያ ቀን ሆኖኛል። ይህን ደብተር መልሼ ገለጥኩት፤ ስለ ሰም ጽፌአለሁ፣ ስለ ሰከንድ ጽፌአለሁ፣ ስለ ሜልቲ እጮኛ ስልክ ጽፌአለሁ። ኔትዎርክ ነበረ። ሁልጊዜ ነበረ።

አባዬን ስጭልኝ አልኳት።

"አለፍኩ አባዬ" አልኩት።

"እ?"

"አለፍኩ!"

"እንዴታ! የማን ልጅ ነሽ! ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል፣ ለዚህ ነው ልጅቷን ያልኳት..."

"አባዬ፣ ቀኙን አትንካባት።"

"እ?"

"ቀኙን አትንካ አልኩህ!"

"ምን? ጮክ በይ!"

ያን ሁሉ ቀን ቀስ ብዬ እንኳን ልለው ያፈርኩትን በሳንባዬ ሙሉ ጮህኩት። "የልጄን ጆሮ አትቅደድባት! የኔ ተቀዷል! አልሰማም! ገንዳ ውስጥ ስገባ ያዞረኛል! በየቀኑ ሳስመልስ ነው የከረምኩት አባዬ! ዋሽቼህ ነው!"

በሮች ተከፈቱ። በኛ ቋንቋ ስለሆነ የገባው የለም፣ ግን ሁሉም ወጥቶ ያየኛል። ሜልቲ በፎጣ ቆማለች።

አባዬ በዝግታ፣ ለሱ በዝግታ በሚባለው፣ "የቀኙ ነው የሚያዞርሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ቀዝቃዛ ውሃ ነው?"

"የምንጭ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? አንዱ ክፍት አንዱ ዝግ የሆነ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዞርበታል፤ ይህንማ ሕፃን ያውቀዋል። ያንቺ ግራ ያኔ በተኛሽበት ትኩሳት ተመልሶ ተዘጋ። ደግሜ ልከፍተው ስል እናትሽ እምቢ ብላ በር ላይ ተኛች። ይኼው ያዞርሽ ጀመር። ለዚህ ነው እኮ እሑድ ቀኙንም እምለው። አንዱን ብቻ ከተውንላት ልጅቷም እንዳንቺ ይዞርባታል።"

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ጊዜ "አባዬ፣ አስመለሰኝ" ብለው ኖሮ ሁሉንም ይነግረኝ ነበር። እኔም ሐኪሙ ያለኝን ሳልደብቅ እነግረው ነበር። ወይም አልነግረውም ነበር። አላውቅም።

"ይዙርባት" አልኩት።

"እ?"

"ይዙርባት፣ አባዬ! እኔም እየዞረብኝ ነው ዋኝቼ ያለፍኩት! ቀኙን ለኔ ብለህ ተውላት!"

ከጀርባው ዳሊማ የሆነ ነገር ትጠይቀዋለች። "ቆይ" አላት። ደግሞ ጠየቀችው። በግራው በኩል ሆኖ ሲያናግራት አልሰማችው መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት፤ ከዚያ አንዴ ደግሞ፣ ከዚያም ከፍ አድርጎ።

"እማትሰማው በዚህ በኩል ነው?" አለኝ በመጨረሻ።

"በዚያ በኩል ነው አባዬ።"

"እ..." አለ። ይሄኛው አልሰማሁም የሚባልበት አልነበረም።

ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለማንኛውም እሑድማ ማዕበል አለ" አለኝ። "አንወጣም።"